የገረጣ የመኪና መብራት፦ ቤት ውስጥ ማሸት፣ ባለሙያ ጋ መውሰድ ወይስ መቀየር?

ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው የመኪናው መብራት መድከሙን ቶሎ አያውቅም። የመንገዱ መብራት ያግዘዋል። ነገሩ የሚገለጠው ማታ ከከተማ ሲወጣ ነው። በደብረ ብርሃን መንገድ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ፣ ወይም አንጸባራቂ የሌለው ጋሪ ከፊት ዱብ ሲል። ያኔ ብዙ ሰው አምፖሉን ይጠረጥራል። አምፖሉ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጥፋቱ ከአምፖሉ ፊት ያለው ፕላስቲክ ነው። ገርጥቶ ቢጫ ሆኗል። ብርሃኑን ወደ መንገዱ ማሳለፍ ሲገባው ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ኤ.ኤ.ኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ የገረጣ መብራት አዲስ መብራት ከሚሰጠው ብርሃን 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሰጠው። ይኸው ሙከራ አማራጮቹንም አወዳድሯል። ታሽቶ የጸዳ መብራት ወደ 70 በመቶ ገደማ ተመለሰ። ኮፒ የሆነ አዲስ መብራት ከ83 እስከ 90 በመቶ ሰጠ። ኦሪጅናሉ ሙሉውን። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ምርጫው ላይ ይጠቅሙናል።

እኛ አገር ደግሞ መብራትን መንከባከብ ግድ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት አብራን ትቆያለች።

ፀሐዩም አይምርም። የመብራቱ ሽፋን የሚሠራው ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ጠንካራ ነው፣ ድንጋይ ቢመታው እንደ ጠርሙስ አይረግፍም። ነገር ግን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር አይችልም። ለዚህ ነው ፋብሪካው ስስ መከላከያ ቀብቶ የሚያወጣው። ያ መከላከያ በጨረሩ፣ በአቧራውና በጠጠሩ ቀስ በቀስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ፕላስቲኩ ራሱ መቃጠል ይጀምራል። የጨረሩ ኃይል በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ የምትቆም መኪና መብራቷ ቶሎ ቢገረጣ አይገርምም። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የምትቆም ከሆነ ሁለቱን መብራቶች አስተያዩ። ፀሐይ የሚያገኘው ወገን ብሶ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ በሽታውን ለዩ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡት። ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ የገረጣውን ቦታ አብሱት። እርጥብ እያለ ጥርት ብሎ ሲደርቅ ተመልሶ ከደበዘዘ፣ ችግሩ ላይ ላዩን ነው። ውሃው ጭረቶቹን ለጊዜው ስለሚሞላቸው ነው የጠራው። እንዲህ ያለ መብራት ታሽቶ ይድናል።

ውሃው ምንም ለውጥ ካላመጣ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከውስጥ ጤዛ ወይም የውሃ ጠብታ ካለ ማሸጊያው ላልቷል፣ ወይም ከጀርባ ያለው የአምፖል ክዳን ጠፍቷል። ክዳኑ ሳይገጠም የቀረ መኪና ብዙ ነው። አምፖል ሲቀየር ይወልቅና እዚያው ይረሳል። ያንን ሳታስተካክሉ ላዩን ብታሹት ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው ብርማ አንጸባራቂ ከተላጠ ወይም ከጠቆረ ደግሞ ማሸት ጨርሶ አያድነውም። እሱ መቀየር አለበት።

ሦስተኛው ምልክት ስንጥቅ ነው። ባትሪ መብራት ከጎን አብሩበት። ሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ከፕላስቲኩ ሥጋ ውስጥ ካያችሁ ጥልቀታቸው ከብርጭቆ ወረቀት አቅም በላይ ነው። ቢጫው ይለቃል፣ መስመሮቹ ግን ይቀራሉ። ቀላል ከሆኑ አሽቶ መጠቀም ይቻላል። ፊቱን ሙሉ ካዳረሱት ግን አትልፉ።

የድሮ ላዳ ወይም የድሮ ቮልስ የያዛችሁ ሰዎች ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። የእናንተ መብራት እውነተኛ መስታወት ነው። በጥፍር ሲያንኳኩት ድምፁ ያስታውቃል። መስታወት አይገረጣም፣ ሲቆሽሽ ማጠብ ብቻ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። መብራቱ ሲደክም ብዙ ሰው የሚሮጠው ኃይለኛ አምፖል ለመግዛት ነው። ይህ በጣም ያሳስበኛል። የተለመደው ኤች 4 አምፖል 60/55 ዋት ነው። በምትኩ 100 ዋት የሚገጥም አለ። ሙቀቱ ሶኬቱን ያቀልጣል፣ አንጸባራቂውን ያጠቁራል። በገረጣ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ኤልኢዲ መጨመርም ብርሃኑን ይበልጥ መበተን ነው። እናንተ መንገዱን አታዩም፣ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ግን ይታወራል። ፕላስቲኩ ሳይጸዳ አምፖል አይነካ።

ባጭሩ የእኔ ምክር

መብራቱ ላይ ላዩን ብቻ ከገረጣና መኪናዋን ለዓመታት የምትይዟት ከሆነ፣ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ክሊር (ቀለም የሌለው ግልጽ መከላከያ ቅብ) ቀቡት። ለእኔ ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው። እጃችሁ ካልደፈረ ይህንኑ ሥራ ቀለም ቤት አሠሩት። ውስጡ የተበላሸ ወይም ስንጥቅ የወረሰው ከሆነ ቀይሩት። ቀለል ያለ ጉም ብቻ ከሆነ ፖሊሽ ይበቃዋል። የጥርስ ሳሙና ነገ ጠዋት ለዓመታዊ ምርመራ ለምትቀርብ መኪና ካልሆነ በቀር አልመክርም። ለእሷም ቢሆን ከምርመራው ማግስት ትክክለኛው ሥራ ይጠብቃታል።

ይህን ያልኩበት ምክንያት አንድ ነው። መብራትን ማጥራት ማንም ይችላል። ልዩነቱ ያለው የጠራውን በማቆየት ላይ ነው። ስትመርጡ «እንዴት ያበራል?» ከማለት ይልቅ «ከበራ በኋላ ከፀሐይ የሚከልለው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ርካሽ ዘዴ የሚወድቀው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከጓዳ የሚወጡት መፍትሔዎች

የጥርስ ሳሙና የሚሠራው ውስጡ ደቃቅ መፋቂያ ስላለ ነው። ጥርስ እንደሚፍቀው ላዩን ይፍቃል። ነጩ ዓይነት እንጂ ጄሉ እምብዛም አይረዳም። በእርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ቢያሹት የቀላል ጉምን ይቀንሳል፣ ለፎቶም ያምራል። ግን የደረቀውን ቢጫ አይነካውም። መከላከያም አይተውለትም። እንዲያውም ከፋብሪካው የቀረችውን ትንሽ መከላከያ ይዟት ይሄዳል። በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ሲቀላቀሉ ስለሚፈሉ ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ። አረፋው ላይ ላዩን ያለውን ቆሻሻ ያነሳል፣ የተቃጠለውን ፕላስቲክ ግን አይመልስም። ሳሙናም ያንኑ ይሠራል።

ደብሊው ዲ ፎርቲ፣ የሞተር ዘይትና ሲሊኮን ደግሞ ማጽጃ ሳይሆኑ መሸፈኛ ናቸው። ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ እንዳያችሁት ነው፣ ጭረቶቹን ይሞላሉ፣ ይጠራል፣ እስኪታጠብ ድረስ። በመሃሉ አቧራው ይለጠፍበታል። ያገለገለ መኪና ስትገዙም ይህን አስታውሱ። መብራቱ ከመጠን በላይ ካብረቀረቀና ሲነኩት ቅባት ቅባት ካለ፣ በሳሙና ታጥቦ ይታይልኝ በሉ።

የሚከለከሉት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የትንኝ መከላከያ ስፕሬይ ነው። ውስጡ ያለው ዲት የሚባለው ኬሚካል ፕላስቲክን ያሟሟል። ላዩ ቀልጦ ስለሚለሰልስ ለጊዜው ያንጸባርቃል፣ ኋላ ግን ከበፊቱ ብሶ ይደበዝዛል። ኮፈኑ ላይ ከተንጠባጠበም ቀለሙን ይበላል። ሁለተኛው ቲነርና አሲቶን ነው። ፖሊካርቦኔት በአሲቶን ይሰነጠቃል፣ ያ ስንጥቅ ደግሞ አይታከምም። ቀለም ቤት አካባቢ ቲነር የነካ ጨርቅ ስለማይጠፋ፣ መብራታችሁ በዚያ እንዳይወለወል ተጠንቀቁ።

ፖሊሽ ብቻ

መብራቱ ገና ቢጫ ካልሆነ፣ ጭስ የመሰለ ነገር ብቻ ከለበሰ፣ የመኪና ቀለም የሚወለወልበት ኮምፓውንድና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። በእጅ መሥራት ይቻላል። በድሪል ላይ የሚገጠም ስፖንጅ ካላችሁ ግን ይፈጥናል። ድሪሉን ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት፣ አንድ ቦታ ላይም አታቁሙት። ፕላስቲክ ሲግል ይለሰልሳል፣ የስፖንጁም ምልክት ይቀርበታል። ሲጠናቀቅ ከአልትራቫዮሌት የሚከላከል ሰም ቀቡት፣ በየወሩም ድገሙት። ለጋ ችግር ላይ ይህ ጥሩ ምርጫ ነው። ቢጫው ከገባ ግን ፖሊሹን ጨርሳችሁም ቢጫው እዚያው ነው።

በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት

ወደ ዋናው መጣን። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 600፣ 800፣ 1000፣ 1500 እና 2000፣ የቀለም ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር፣ ባልዲ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅ። ሁሉም ቀለም መሸጫ ሱቅ ይገኛል። ጥላ ያለበት ቦታና ያልተጣደፈ ግማሽ ቀን ጨምሩበት።

መብራቱንና ዙሪያውን በሳሙና እጠቡ። አቧራ ከቀረ ብርጭቆ ወረቀቱ ሥር ገብቶ አዲስ ጭረት ይሠራል። ከዚያ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውንና ፓራውልቱን በመብራቱ ጠርዝ ዙሪያ በፕላስተር ሸፍኑ። ሁለት ድርብ አድርጉት። የብርጭቆ ወረቀት ጫፍ አንዴ ቢያመልጥ ቀለሙ ላይ የሚተወው ጭረት ከመብራቱ የበለጠ ያስወጣችኋል።

ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አለስልሱት። ቢጫው ከባድ ከሆነ በ600 ጀምሩ፣ ቀላል ከሆነ በ800። ውሃው ሳይደርቅ፣ እኩል እየተጫናችሁ፣ በአግድም እሹት። አሁን የሚወርደውን ውሃ ተመልከቱ። መጀመሪያ ቢጫ ጭቃ መስሎ ይወርዳል። ያ የተቃጠለው ላይኛው ክፍል ነው። እየቆየ ይነጣና ወተት ይመስላል። ነጩ ሲመጣ ጤነኛው ፕላስቲክ ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። አንደኛው ድንጋጤ ነው። መብራቱ ከበፊቱ የባሰ ነጭ፣ እንደ በረዶ የደፈነ ይሆናል። አትደንግጡ፣ እንዲያ መሆን አለበት። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነው። አድርቃችሁ ከጎን ስታዩት፣ በነጩ መሃል የሚያብረቀርቁ፣ ጠርዛቸው የተቦጫጨቀ ደሴቶች ካያችሁ የፋብሪካው አሮጌ መከላከያ ገና አልለቀቀም። አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ጥጉ ላይና በላይኛው ጠርዝ ነው የሚቀረው። እዚያው ቁጥር ላይ ቆዩና ሙሉ በሙሉ አንሱት። እነዚያን ደሴቶች ትታችሁ ወደ ደቃቁ ብታልፉ ሥራው ሲያልቅ እንደ ካርታ ይታያሉ፣ አዲሱም ክሊር በእነሱ በኩል ነው መላጥ የሚጀምረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ቁጥሩን እየጨመራችሁ፣ በየጊዜው አቅጣጫ እየቀየራችሁ ትሄዳላችሁ። በ600 አግድም ከነበረ በ800 ቁልቁል፣ በ1000 እንደገና አግድም። እንዲህ ሲሆን የቀደመው ጭረት መጥፋቱን በዓይን ታዩታላችሁ። ቁልቁል እያሻችሁ የአግድም መስመር ከታያችሁ ገና ነው። በየመሃሉ መብራቱንም ባልዲውንም አጥሩ። የ600 አንድ ቅንጣት ወደ 1500 ሥራ ከገባች ወደ ኋላ ትመልሳችኋለች።

የት እንደምታቆሙ የሚወስነው በመጨረሻ የምትቀቡት ነገር ነው። ክሊር የምትረጩ ከሆነ 1000 ወይም 1500 ላይ አቁሙ። ክሊር የሚይዘው ሸካራ ነገር ላይ ነው፣ ጭረቱንም ራሱ ይሞላዋል። ፖሊሽ ተደርጎ የለሰለሰ ፕላስቲክ ላይ ከተረጨ ግን ከጊዜ በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ሰም ብቻ የምትቀቡ ከሆነ እስከ 2000፣ ከተገኘም እስከ 3000 ሂዱና በኮምፓውንድ ጨርሱት።

ከታሸ በኋላ ምን ይቀባ?

ከሁሉም በላይ ልታስቡበት የሚገባው ይህ ነው። የፋብሪካውን መከላከያ በእጃችሁ አንስታችኋል። ፕላስቲኩ አሁን ራቁቱን ነው። እንዲህ ትታችሁት ፀሐይ ላይ ብታቆሙት ከበፊቱ ፈጥኖ ይገረጣል።

ሰም ቀላሉና ርካሹ ነው። ዕድሜው ግን አጭር ነው። በየወሩ የሚደግም ሰው ካለ ይሠራል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አብዛኞቻችን ከሁለተኛው ወር በኋላ እንረሳዋለን። ስለዚህ ብቸኛ መከላከያ አድርጌ አልመክረውም።

በጣሳ የሚመጣው ክሊር ስፕሬይ መካከለኛው መንገድ ነው። ጣሳው ላይ ከአልትራቫዮሌት እንደሚከላከልና ለፕላስቲክ እንደሚሆን የተጻፈውን ምረጡ። ለእንጨት ተብሎ የተሠራ ቫርኒሽ አይሆንም። ከመርጨታችሁ በፊት መብራቱን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጉት። የእጅ ሳኒታይዘር አትጠቀሙ፣ ውስጡ ያለው ግሊሰሪን ክሊሩ እንዳይዝ ያደርገዋል። አካባቢውን በጋዜጣ በደንብ ሸፍኑ፣ የስፕሬይ ብናኝ ሩቅ ይሄዳል። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ስስ አድርጋችሁ እርጩ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቁ፣ ድገሙ። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ድርብ ይበቃል። አንዴ አወፍራችሁ ብትረጩት ይወርዳል፣ እንባም ይሠራል። ሲረጭ መጀመሪያ ደብዘዝ ብሎ የነበረው መብራት ዓይናችሁ እያየ መስታወት ይሆናል።

የአየሩ ሁኔታ ሥራውን ያበላሻል ወይም ያሳምራል። ክረምት ላይ አትሞክሩት። እርጥበት ክሊሩን ያነጣዋል። የበጋ ከሰዓት በኋላ ንፋስና አቧራ አለ። የታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ለክሊር በጣም ይቀዘቅዛል። እኔ የምመርጠው በበጋ ረፋዱ ላይ፣ አየሩ ሞቅ ሲል፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ ጥላ ውስጥ መርጨት ነው። ከዚያ እስከ ማግስቱ ላቫጆ የለም።

ከሁሉም የሚጠነክረው ቀለም ቤቶች መኪና ቀብተው ሲጨርሱ የሚረጩት፣ ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ክሊር ነው። ከጣሳው ስፕሬይ በብዙ ይበልጣል፣ በደንብ ከተሠራም ለዓመታት ይቆያል። ግን ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሲረጭ የሚተነፍሰውን ሰው ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያመጣል። የጨርቅ ማስክ አያቆመውም። መፍትሔው ሥራውን መክፈል ነው። ማሸቱን ቤት ውስጥ በጥንቃቄ ጨርሱና ለመርጨቱ ብቻ የምታምኑት ቀለም ቤት ውሰዱት። እነሱ ሌላ መኪና ሲረጩ የእናንተንም አብረው ይረጩታል፣ ክፍያውም ሙሉውን ከማሠራት ይቀንሳል። ለእኔ ከሁሉም አማራጮች የሚበልጠው ይህ ቅንጅት ነው።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሌላ በር አለላችሁ። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሥሪ ኤም፣ ሲልቫኒያ፣ መጓየርስና ሴራኮት ሙሉ ዕቃውን በአንድ ሣጥን ይሸጣሉ። ብርጭቆ ወረቀቱም የሚቀባውም አብሮ አለ። ስታዝዙ በስፕሬይ የሚረጨውን ሳይሆን በጨርቅ የሚቀባውን በሉ። ተቀጣጣይ ስፕሬይ በሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ ዘመዳችሁ ኤርፖርት ላይ ተወስዶበት ባዶ እጁን ይመጣል። ፈሳሽ ጠርሙስ ያለውም ከሆነ አስቀድሞ አየር መንገዱን ይጠይቅ። ሣጥኑን ስትከፍቱም የመጨረሻው ቅብ መኖሩን አረጋግጡ። አንዳንዱ ሣጥን ማሻና ፖሊሽ ብቻ ነው የያዘው። ያኛው የሥራው ግማሽ ነው።

ግልጽ መከላከያ ፊልም ማስለጠፍም ይቻላል። በደንብ በጸዳ መብራት ላይ ከተለጠፈ ጠጠሩንም ጨረሩንም ይከላከላል፣ ሲያረጅም ይላጣል። ጥቁር ወይም ቢጫ ቀለም ያለውን ፊልም ግን ተዉት። ለማጥራት ስንደክም ቆይተን መልሰን ማጨለም ምን ይሉታል?

በእንፋሎት የሚያጠሩት

በቲክቶክ ደጋግሞ የሚታየው ይህ ነው። ትንሽ ማንቆርቆሪያ የመሰለ ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ ይሞቃል፣ እንፋሎቱ መብራቱን ሲነካው በሴኮንዶች ውስጥ ወለል ይላል። ሲያዩት ያስደንቃል። ያ ፈሳሽ ግን ውሃ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ዳይክሎሮሜቴን ወይም ክሎሮፎርምን የመሰለ ኬሚካል ነው። የሚያጠራውም የፕላስቲኩን ገጽ በስሱ አቅልጦ ነው። እንፋሎቱ መርዝ ነው፣ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራውን ሰው ራሱን ሊያስት ይችላል። ፕላስቲኩም ከጊዜ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። አስቀድሞ መታሸቱም አይቀርም፣ ቪዲዮው ያንን ክፍል ቆርጦ ነው የሚያሳየው። ጨረሩን የሚከላከል ነገር ስለማይጨምርም ያው ዞሮ ዞሮ ክሊር ይፈልጋል። እኔ አልመርጠውም። ከመረጣችሁ ክፍት ሜዳ ላይ፣ ልጆች በሌሉበት፣ የኬሚካል ማስክ ያለው ባለሙያ ይሥራው።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ

«መብራት እናጸዳለን» የሚል ላቫጆና ዲኮር ቤት አሁን ብዙ ነው። ጎበዞች አሉ። በፖሊሽና በሲሊኮን አብርቀው የሚሸኙም አሉ። ሁለቱን የምትለዩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ካሻችሁት በኋላ ምን ትቀቡታላችሁ?» ክሊር የሚል መልስ ከመጣ፣ በጣሳ ነው ወይስ ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ብላችሁ ቀጥሉ። «ምንም አያስፈልገውም፣ እንዲሁ ይቆያል» ካሉ አመስግናችሁ ውጡ። ሥራው በ15 ደቂቃ ያልቃል ከተባለም ጠርጥሩ። ማሸቱ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። ከወራት በፊት የሠሩት መኪና ካለ ማየት ትልቅ ነገር ነው፣ ትናንት የተሠራ መብራት ሁሉም ያምራል።

መቀየር

መቀየር ግድ ሲሆን ብዙዎቻችን የምንሄደው መርካቶ ሱማሌ ተራ ነው። ሦስት ምርጫ አለ፦ ኦሪጅናል አዲስ፣ ኮፒ አዲስና ያገለገለ ኦሪጅናል።

ኦሪጅናሉ ከሁሉም ይበልጣል፣ ዋጋውም እንደዚያው። እንደ ኮይቶና ስታንሌይ ያሉ የጃፓን አምራቾች ስም ፕላስቲኩ ላይ ታትሞ ይገኛል። ኮፒውም አንድ ዓይነት አይደለም። ዴፖና ቲዋይሲ የታይዋን ናቸው፣ ስምና ቁጥር አላቸው። ምንም ስም የሌለውን ግን አልደፍረውም። ኤ.ኤ.ኤ ባደረገው ሙከራም ኮፒዎቹ ብርሃን ቢሰጡም ብርሃኑን ትክክለኛው ቦታ ላይ በማሳረፍ ረገድ ድክመት ታይቶባቸዋል።

ያገለገለ ኦሪጅናል ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል፣ ግን አገላብጣችሁ እዩት። መያዣ ጆሮዎቹ ተሰብረው በማስቲሽ የተጣበቁ እንዳይሆኑ። ውስጡ አንጸባራቂው ንጹሕ ይሁን። ፊቱ ካብረቀረቀ ያንን የሳሙና ፈተና ሱቁ በር ላይ አድርጉት። ደረሰኝም ያዙ። ከተቻለ ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሩ። አንዱ ጠርቶ አንዱ ቢጫ ሆኖ የሚሄድ መኪና መንገዱን በግማሽ ነው የሚያበራው።

አንድ ነገር ደግሞ ሻጩም አይነግራችሁም። አጭር መብራት የሚሠራው የራስን ዳር ከፍ አድርጎ እንዲያበራ፣ የተቃራኒውን ወገን ደግሞ ዝቅ እንዲያደርግ ነው። ጃፓን በግራ ይነዳል፣ እኛ በቀኝ። ለጃፓን መንገድ የተሠራ መብራት እዚህ ሲገጠም ከፍ የሚለው ወገን ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ያርፋል። የአውሮፓ ማረጋገጫ ያለው መብራት ላይ በክብ ውስጥ ኢ የሚል የላቲን ፊደል ታያላችሁ። ከአጠገቡ ቀስት ከሌለ በቀኝ ለሚነዳ አገር ነው፣ ለእኛ የሚሆነው ይህ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ካለ ለሁለቱም ይሆናል። መብራቱን ፊት ለፊት ስታዩት ወደ ቀኛችሁ የሚያመለክት አንድ ቀስት ካለ ግን በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው፣ አትግዙት።

ከተገጠመ በኋላ ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ አቁሙና አጭር መብራቱን አብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከአምፖሉ ከፍታ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። በሁለቱም በኩል እኩል ይሁን። ካልሆነ ከመብራቱ ጀርባ ማስተካከያ ብሎን አለ፣ በካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ፣ ግድግዳውን እያያችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ይህን ስታደርጉ መኪናዋ ሁልጊዜ የምትሸከመውን ያህል ጭነት ይኑራት፣ የጎማው ንፋስም የተስተካከለ ይሁን።